የጀበናው ጭራ

ጋሼ ያን ዕለት የጠየቁኝ ጥያቄ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ላብራቶሪ ቤንዞይክ አሲድን በቱቦ ውስጥ ሳይቋረጥ ክሪስታል ለማድረግ እንሞክር ነበር። አሲዱን በኢታኖል አሟሙተን በአንድ ፓምፕ፣ ውኃውን በሌላ ፓምፕ እንልካለን። ሁለቱ ቲዋ ላይ፣ ማለትም ባለ ሦስት አፏ መገጣጠሚያ ላይ ይገናኛሉ። ቤንዞይክ አሲድ ኢታኖል ውስጥ በደንብ ይሟሟል። አንድ ሊትር ውኃ ግን በ25 ዲግሪ ሙቀት ከ3.4 ግራም ብዙም አያሟማም። ስለዚህ ሁለቱ እንደተገናኙ ፈሳሹ ወዲያው ነጭ ይላል።

የቱቦዋ የውስጥ ስፋት 4 ሚሊ ሜትር ነው። በደቂቃ 30 ሚሊ ሊትር ስናሳልፍ ፈሳሹ ይታመስ አይታመስ እንደሆነ የሚናገረው ሬይኖልድስ ቁጥር 100 አይሞላም፣ በጣም ትንሽ ነው። ፈሳሹ አይታመስም። ኢታኖሉና ውኃው እንደ ተኳረፉ ጎረቤቶች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የሚወጣው ክሪስታልም አንዱ ዱቄት፣ ሌላው አሸዋ ይሆናል።

ስታቲክ ሚክሰር፣ ቱቦ ውስጥ ቆሞ የሚያቀላቅል ጠመዝማዛ፣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሞተር የለውም፣ አይሽከረከርም። እያንዳንዱ ቁራጭ 180 ዲግሪ የተጠማዘዘ ሆኖ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ ይዞራል። ፈሳሹን ለሁለት፣ ለሁለት እየሰነጠቀ ይደራርበዋል። 6 ቁራጭ 64 ንጣፍ ይሰጣል፣ 12 ቁራጭ ደግሞ 4,096። ተመራማሪዎቹ አልቫሬዝና ማየርሰን በፈረንጆቹ 2010 በቱቦ ውስጥ ክሪስታል ስለማድረግ ባሳተሙት ሥራ የተጠቀሙት ይህንኑ ዓይነት፣ ኬኒክስ የሚባለውን ነው። እሱን አንብቤ ልቤ ተነሳ።

ከውጭ ለማስመጣት ዶላር አልነበረም። የጥርስ ሐኪሞች የጥርስ ቅርጽ ሲወስዱ ሁለቱን ሊጥ የሚያቀላቅሉባት የፕላስቲክ አፍንጫ ግን ውስጧ ያው ጠመዝማዛ ነው። ከቸርችል ጎዳና ወረድ ብሎ ካለ የሕክምና ዕቃ መደብር 20 ገዛሁ። ውስጣቸውን አውጥቼ የቱቦዋን የመጀመሪያ አንድ ሜትር ተኩል ሞላሁት። በበዛ ቁጥር ይሻላል ብዬ ነበር።

11 ደቂቃ ሠራች። ከዚያ ቱቦዋ ከቲዋ ተፈናጥራ ወጣች፣ ግድግዳው ነጭ ሆነ፣ ክፍሉን ኢታኖል ሸተተው። አለቃችን መጥተው አዩና "ፓምፑ ነው፣ ደካማ ፓምፕ ነው" ብለው ሄዱ።

ጋሼ የምንላቸው የወርክሾፑ ባለሙያ ግን ቱቦዋን አንስተው ወደ መስኮቱ ወሰዷት። በብርሃኑ አገላብጠው አዩ። በእያንዳንዱ ጠመዝማዛ ጀርባ ነጭ ቅርፊት ተጋግሯል። ቲዋ አጠገብ ስስ፣ ወደ መሃል ሲሄድ ወፍራም። አንዱን ቁራጭ በወረንጦ አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ክሪስታሉ በጥፍሬ እንኳ አልፋቅ አለኝ።

"ልጄ፣ እናትሽ ጀበናው አፍ ላይ ጭራ የምትወትፈው ለምንድን ነው?"

"አተላውን እንዲይዝ ነዋ፣ ጋሼ።"

"ታዲያ አንቺ ምን ወተፍሽበት?"

ዝም አልኩ። ፊቴ ሲግል ይሰማኛል። እሳቸው በጣታቸው ቲዋን ነኩ።

"የሚቀላቀለው እዚህ ነው። ከዚህ ካለፈ ተቀላቅሏል። ከዚያ በኋላ መንገዱን ለምን ትዘጊበታለሽ?"

አራት ዓመት ኬሚካል ምሕንድስና ተምሬያለሁ። ንጣፉን ቆጥሬያለሁ፣ ሬይኖልድሱን አስልቻለሁ። ክሪስታል የሚቀመጥበት ቦታ እንደሚፈልግ፣ እኔም ያን ሁሉ ቦታ እንደሠራሁለት ግን አላሰብኩም።

በማግስቱ በእልህ ሁሉንም አወጣሁ። ያም አልሆነም፣ ዱቄቱና አሸዋው ተመለሱ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ "እኔ ጨርሰሽ አውጪ አልኩሽ?" ብለው ተቆጡ። ከዚያ 12 ቁራጭ ያላትን የአንዲት አፍንጫ ጠመዝማዛ ብቻ ቲዋ ሥር አስገባን፣ ቀሪውን ቱቦ ባዶ ተውነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሠራች። የቆመችውም መብራት ሄዶ ነው። ፓምፑ ሲቆም ክሪስታሉ ቱቦዋ ወለል ላይ ተኛ፣ በንጹሕ ኢታኖል አጥበን ዳግም አስነሳናት።

ከወር በኋላ አለቃችን ለእንግዶች ገለጻ አደረጉ። ስላይዱ ላይ "የሚክሰር ቦታ ምርጫ" የሚል ርዕስ ነበር፣ ከሥሩ የእሳቸው ስም። "ባደረግነው ጥልቅ ጥናት ሚክሰሩ መገናኛው ላይ ብቻ መሆን እንዳለበት ደረስንበት" አሉ። ሰው አጨበጨበ።

ጋሼ በዚያች ሰዓት ምድር ቤት ወርክሾፕ ውስጥ የሌላ ክፍል ፓምፕ እየፈቱ ነበር። ማንም ስማቸውን አላነሳም። እጄን አውጥቼ መናገር እችል ነበር፤ እኔም አላነሳሁም።