«እኩለ ሌሊት ላይ ነፍስህን እወስዳለሁ» ያልኩት ለእድሩ አልነበረም

የሠፈራችን እድር ጸሐፊ ሆኜ የተመረጥኩት ጽሕፈቴ አምሮ ሳይሆን፣ ከኮሚቴው አባላት መካከል መነጽር ሳይፈልግ ስልክ ላይ መጻፍ የሚችል ሌላ ሰው በመጥፋቱ ነው። የእድሩን የቴሌግራም ቡድን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የትና በስንት ሰዓት እንደሚፈጸም ብቻ እንዲነገርበት፣ ቀልድም ሆነ የመልካም በዓል ምኞት እንዳይለጠፍበት የሚያዘውን ደንብ ያረቀቅኩትም እኔው ነኝ። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ጥፋቱን ለማቅለል አይደለም፤ እንዲያውም ያከብደዋል።

ያን ቅዳሜ ማታ ፊልም ከሚወድ አንድ ጓደኛዬ ጋር የቆየ የብራዚል አስፈሪ ፊልም ለማየት ተቀጣጥረን ነበር። ፊልሙን ጆዜ ሞዢካ ማሪንስ የተባለው የሳኦ ፓውሎ ሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964፣ በእኛ በ1957 ዓ.ም.፣ በጥቁርና ነጭ፣ በእጅጉ አነስተኛ በሆነ ገንዘብ የሠራው ሲሆን፣ ብዙዎች የአገሪቱ የመጀመሪያ አስፈሪ ፊልም አድርገው ይቆጥሩታል። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «እኩለ ሌሊት ላይ ነፍስህን እወስዳለሁ» ይሆናል። በፖርቱጋልኛው ነፍሱ የሚወሰድበት ሰው ወንድ ይሁን ሴት አይለይም፤ አማርኛ ግን እንዲህ ያለ መሸሸጊያ ስለማይሰጥና ጓደኛዬም ወንድ ስለሆነ «ነፍስህን» ብዬ መረጥኩ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የሚከተለውን ጽፌ ላክሁ፦

«ዛሬ እኩለ ሌሊት ላይ ነፍስህን እወስዳለሁ። ቤቴ እጠብቅሃለሁ። ሣጥኑም ተዘጋጅቷል።»

ሣጥኑ የቢራ ሣጥን ነው። ይህንን ጓደኛዬ ያውቃል፤ ሆኖም መልእክቱ የደረሰው ለእርሱ ሳይሆን ለእድሩ ቡድን ኖሯል። እኔ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ፣ ፊልሙን የማሳይበትን ነጭ አንሶላ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በመወጠር ላይ ስለነበርኩ ስልኩ ሲጮኽ አልሰማሁም። በሩ ሲንኳኳ ጓደኛዬ የመጣ መስሎኝ «ግባ፣ ነፍስህን ይዘህ ግባ!» ብዬ በታላቅ ድምፅ ተጣራሁ።

ደጁ ላይ የእድሩ ዳኛ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው የድንኳኑን ቁልፍ በጣቱ አንጠልጥሎ፣ ጎረቤቴ እማማ ደግሞ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ከኋላቸው ሌሎች አራት አባላት አሉ። እማማ በትከሻዬ አሻግረው የተወጠረውን ነጭ አንሶላ ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «ማንን ነው የገነዝከው ልጄ?» አሉኝ። ዳኛው በበኩላቸው እንደ ሥራ ኃላፊ ረጋ ብለው «ሟቹ ማን ነው? አርፏል ወይስ ገና ነው?» ሲሉ ጠየቁ። አንዲት እናት «ነፍስህን» ስለሚል መልእክቱ ሴቶችን እንደማይመለከት ወዲያው እንደገባቸው፣ የመጡትም ባለቤታቸውን ለመጠበቅ ብቻ እንደሆነ አስረዱኝ። ባለቤታቸው ከአጠገባቸው አልራቁም።

ነገሩን አስረድቼ ለመጨረስ ብዙ ደከምኩ። የቢራውን ሣጥን ከፍቼ ባሳይም ዳኛው አልረኩም። «ፊልም ከሆነ እኛም እንየውና ይጣራ» ብለው ትልቁ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እርሳቸው ከተቀመጡ ደግሞ ሌላው ቆሞ አይቀርም። ስለዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የብራዚልን አስፈሪ ሲኒማ ለሰባት የእድር ሰዎች ማሳየት፣ ከግርጌው የሚሄደውንም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ መመለስ ጀመርኩ። የዋናው ገጸ ባሕርይ ድምፅ በራሱ በፊልሙ ላይ የሌላ ተዋናይ ነው። ስለዚህ ሰባቱ ተመልካቾች ያዩት በአንድ ሰው አፍ፣ በሁለተኛ ሰው ድምፅ፣ በሦስተኛ ሰው ደግሞ በተደናገጠ አማርኛ የሚናገር ጭራቅ ነው።

ገና ከመጀመሪያው አንዲት አሮጊት ጠንቋይ ብቅ ብላ ተመልካቹን ፊት ለፊት እያየች ይህን ፊልም ሳታዩ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ ስትል ታስጠነቅቃለች። እኔም ይህንኑ በታማኝነት ተረጎምኩ። ዳኛው ያለ ምንም ማመንታት ከዘራቸውን አንሥተው ተነሡ። «ባለቤቷ ራሷ አትዩ ካለች ምን እንጠብቃለን?» አሉ። ወዲያው ጠንቋይዋ ጊዜው እንዳለፈና መቆየት ግድ እንደሆነ ስትናገር፣ «እንግዲያው ቀድማ አትናገርም ነበር?» ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። የፊልሙን የመጀመሪያ ደቂቃዎች እንዲህ ቃል በቃል የታዘዘ ተመልካች ከዚያ በፊት የነበረው አይመስለኝም።

ዋናው ሰው ዜ ዶ ካይሻው ይባላል። ዜ የጆዜ ማቆላመጫ ስለሆነ በእኛ «ባለ ሣጥኑ ዮሴፍ» እንደማለት ነው፤ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሚኖር ቀባሪ ሲሆን፣ ረጅም ባርኔጣና ጥቁር ካባ ይለብሳል፤ በእግዚአብሔርም በሰይጣንም አያምንም፤ የሚፈልገው ደሙን የሚያስቀጥልለት ወንድ ልጅ ብቻ ነው። ቀባሪ መሆኑ ሲነገር በክፍሉ ውስጥ የሙያ አጋርነት ስሜት ሰፈነ። ግምጃ ቤት ኃላፊው የሬሳ ሣጥኑ እንጨት ስስ እንደሆነና መያዣው አራት ሰው እንደማይችል ታዘበ። አብራው የምትኖረውን ሴት መካን ናት ብሎ በመርዛማ ሸረሪት ሲገድላት ደግሞ ዳኛው አንገታቸውን እየነቀነቁ «ሣጥን ሻጭ ራሱ ሰው ከገደለማ ይህ ወንጀል ብቻ አይደለም፣ ገበያ ማድራት ነው» አሉ። ድንኳን አለመጣሉና አልቃሽ መጥፋቱ ቢቀር እንኳ ንፍሮ አለመቀቀሉ ሁሉንም አስቆጣ።

እማማን ያስጨነቃቸው የሰውዬው ጥፍር ነበር። የተቀጠለ ሳይሆን ማሪንስ የራሱን አሳድጎ እንደሆነ ነገርኳቸው። «በዚህ እጅ እንጀራ እንዴት ይቆርሳል?» አሉ። እግረ መንገዴንም ሰውዬው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 13 ቀን 1936፣ ፈረንጆች በሚፈሩት ዓርብ ቀን እንደተወለደ፣ አባቱ ሲኒማ ቤት ያስተዳድር ስለነበር በፊልም መካከል እንዳደገ፣ የዚህም ፊልም ሐሳብ የመጣለት የራሱን መልክ የያዘ ጥቁር ለባሽ ወደ ገዛ መቃብሩ ሲጎትተው በሕልሙ አይቶ እንደሆነ አወጋሁ። ዳኛው «እራት ከብዶት ይሆናል» በማለት የአንድ አገር አስፈሪ ሲኒማ የተወለደበትን ሌሊት በአንድ ዐረፍተ ነገር ዘጉት።

ከሁሉ በላይ አስቀድሜ ማሰብ የነበረብኝ ግን ከሸረሪቷ በፊት የነበረውን ትዕይንት ነው። ዕለቱ ስቅለት ነው። ሕዝቡ በጸሎት እየዘመረ በመንገድ ሲያልፍ ባለ ሣጥኑ ዮሴፍ መስኮቱ ላይ ሆኖ፣ ሰልፉን ቁልቁል እያየ፣ የበግ ሥጋ ይገምጣል፤ እያኘከም ከት ብሎ ይስቃል። መተርጎም አላስፈለገኝም። «በስመ አብ! በስቅለት?» አሉ እማማ፤ ነጠላቸውንም ወደ ዓይናቸው ሳቡ። አንዱ አባል «አጥፋው!» አለ። ግምጃ ቤት ኃላፊው ግን ቁልፉን እያንቀጫቀጨ «ቆይ፣ በዚያን ቀን በጉን ማን አረደለት?» ብሎ ጠየቀ፤ ከዚያ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ፊልሙ ቆሞ የተወያየነው በዚሁ ጉዳይ ላይ ነበር። ያረደው ሰው ከበላው ሰው ኃጢአቱ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ራሱ አርዶ ከሆነስ በዚህ ጥፍር እንዴት ቢላ ያዘ? እንደማስበው ማሪንስ ያን ሥጋ የጎረሰው የአገሩን ካቶሊኮች ሊያስደነግጥ ነው፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ አንድም ቀን ብራዚልን አይተው በማያውቁ፣ ሙሉ የዐቢይ ጾም ሥጋ በማያውቃቸው ሰዎች ሳሎን ውስጥ ከየትኛውም መናፍስት በላይ ያስደነገጠው ይኸው ጉርሻ ሆነ።

የጓደኛውን እጮኛ ሲደፍራት ግን ማንም ምንም አላለም። ተመልሼ ነፍስህን እወስዳለሁ ብላ ዝታ ራሷን ስትሰቅል እማማ ዝቅ ባለ ድምፅ «ውይ ልጄን» ብቻ አሉ፤ እኔም ጥቂት መስመሮችን ሳልተረጉም አሳለፍኩ።

ከዚህ በኋላ ፊልሙ ያላሰበው ነገር ሆነ። በእነዚያ ጥቂት ብሮች፣ በጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ በተሠራ ደንና መቃብር፣ የመናፍስቱ ሰልፍ ሲመጣ መፍራት የሚገባው ተመልካቹ ነው። የእኔ ተመልካቾች ግን ወገንተኝነታቸውን ለይተው ነበር። እማማ ከወንበራቸው ጫፍ ላይ ሆነው «ነይ ልጄ! በዚያ በኩል ነው የሄደው!» እያሉ ለሟቿ መንገድ ይጠቁማሉ። ዳኛው ከዘራቸውን ወደ አንሶላው ቀስረው «ያዙት!» ይላሉ። መናፍስቱ እንዴት እንደተሠሩ ለማስረዳት ስሞክር ዝም እንድል ተነገረኝ። አስፈሪ ፊልም በሙታን ደጋፊዎች ፊት ሲታይ ምን ያህል እንደ እግር ኳስ እንደሚሆን ያን ሌሊት ተማርኩ።

ባለ ሣጥኑ ዮሴፍ እየሮጠ መካነ መቃብሩ ውስጥ ገባ። ለሞት ያበቃቸውን ሰዎች ሣጥን ከፈተ። ትል በፊታቸው ላይ ይርመሰመሳል። ሰዓቱ እኩለ ሌሊት መሆኑን የሚያበሥረው ደወል መደወል ጀመረ፤ ግድግዳዬ ላይ ያለውም ሰዓት በአጋጣሚ ልክ 6 ሆኖ ነበር። ማንም አይተነፍስም። በዚህ ቅጽበት ከደጅ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ።

ቀድሞ የጮኸው ማን እንደሆነ እስካሁን ይከራከሩበታል፤ እኔ ግን እኔ እንደነበርኩ አውቃለሁ። አንሶላው ከነሚስማሩ ወረደ፤ ዮሴፍ ከነጥፍሩ በእማማ ነጠላ ላይ ጥቂት ጊዜ ታየ፤ ቢራውም ፈሰሰ። በሩን ስንከፍት የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ግምጃ ቤት ኃላፊው ከቤት ሲወጣ «እኩለ ሌሊት ላይ ሰው ያርፋል ተብሏልና ተዘጋጁ» ብሎ ደውሎላቸው፣ በኋላ የተጣራውን ነገር ሳይነግራቸው ቀርቶ ኖሯል። «የሟቹን ስም ንገሩኝና ልለፍፍ፣ ብርድ ነው» አሉ። በየቤቱ መብራት በርቶ ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን እያጣፋ መውጣት ጀምሯል።

ኮሚቴው እዚያው ቆሞ ራሴ ባረቀቅኩት ደንብ መሠረት 200 ብር ቀጣኝ፤ ቃለ ጉባኤውንም ጸሐፊው እኔ ስለሆንኩ ቅጣቴን በእጄ ጻፍኩ። ለጓደኛዬ ደወልኩለት፤ መልእክት ስላልደረሰው በጊዜ ተኝቷል።

ሁሉም ሊሄድ ሲል እማማ «ያ ርጉም ወንድ ልጁን ሳይወልድ ሞተ ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሰውዬው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 በወጣ ሁለተኛ ክፍል እንደገና እንደሚመጣ፣ በዚያም ላይ ሌላው ሁሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሲኦሉ ብቻ በቀለም እንደሚታይ፣ የሲኦሉም ቅጣት ብርድ እንደሆነ፣ ሳንሱሩም መጨረሻውን አስገድዶ በእግዚአብሔር እንዳሳመነው ነገርኳቸው። እማማ የመጨረሻውን ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ፤ ዳኛው ግን ርእሱን ጠየቁኝ። ወደ አማርኛ ከመለስኩት ቆይቼ ነበር፤ «ዛሬ ሌሊት በሬሳህ ውስጥ ሥጋ እለብሳለሁ» አልኳቸው።

ዳኛው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩኝ። ጥሩምባ ነፊያችን ግን ጥሩምባቸውን በጋቢያቸው እየወለወሉ «ይኸኛውስ በስንት ሰዓት ነው?» አሉ።