ከዋሽንግተን ዳር የወጣው ቡድን

ሰሜን ቨርጂኒያ የኖረ ሐበሻ ስለ ብርዱ፣ ስለ ድርብ ሥራና ስለ ቤት ኪራይ የሚያወራው አያጣም። እኔን ስለዚያ ኑሮ ሲጠይቁኝ ግን ቀድሞ ትዝ የሚለኝ አንድ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቡድን ነው። ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ። በፈረንጆቹ 2006፣ በእኛ 1998 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የሠሩትን እስካሁን በስሜት ነው የማወራው።

አሁን የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። የአዳማ ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት፣ ከተማው አልቆ እርሻ የሚታይበት ቦታ። እህቴ እዚህ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ነበር፤ ከአሜሪካ ስመለስ እሷው ዘንድ ገባሁ። ከብሎካችን ጀርባ ሲሚንቶ የፈሰሰበት የመኪና ማቆሚያ አለ። የሰፈሩ ልጆች ብር አዋጥተው፣ ብየዳ ቤት ሄደው፣ ከፌሮ ቀለበት አሠርተው ምሰሶ ላይ ሰቅለውበታል። ሰሌዳው ኮምፔንሳቶ ነው፤ ዝናብ ሲበዛበት ይላጣል። እንደገና ይቀቡታል። ማታ ማታ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ይጫወታሉ።

አንድ ማታ ከልጆቹ ረጅሙ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። "ጋሼ፣ እኛን ማን ያየናል?" አለኝ። "ክለቡም አሰልጣኙም መሀል ከተማ ነው። ትንሿ ስታዲየም ለመድረስ ስንት ታክሲ መያዝ አለብን። ለትራንስፖርት ከየት እናምጣ? ቤተሰብ ስንቱን ይችላል?"

እውነቱን ነው። ታክሲ ሰልፉን የሚያውቅ ያውቀዋል። ያን ማታ ስለ ሜሰን መንገር ጀመርኩላቸው። ከዚያ በኋላ ሲያስደግሙኝ ሰነበቱ።

የሜሰን ግቢ ያለበት ፌርፋክስ ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ ያለ ሰፈር ነው። ዋና ከተማው ሳይሆን ዳሩ። ዩኒቨርሲቲው በፈረንጆቹ 1957 (የአሜሪካውን ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ ሆኖ ተጀመረ፤ ራሱን የቻለው በ1972 ነው። በእኔ ጊዜ ብዙው ተማሪ ከቤቱ በመኪና እየተመላለሰ ይማር ነበር። ለእኛ ለስደተኞች ይመቻል። ቀን እየሠራህ ማታ መማር ትችላለህ። የአክስቴ ልጅ እዚያ ነበር የምትማረው፤ ከሥራ መልስ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ክፍል ትገባ ነበር።

በቅርጫት ኳስ ግን ማንም አይቆጥራቸውም። በአካባቢው ስም ያለው ሌላ ነው። ጆርጅታውን በ1984 የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል፤ ሜሪላንድም በ2002። ሜሰን እስከዚያ ዓመት ድረስ በብሔራዊው ውድድር፣ እነሱ ማርች ማድነስ በሚሉት፣ አንድም ጨዋታ አሸንፎ አያውቅም ነበር።

አምስቱን ቋሚ ተሰላፊዎች ዛሬም በቃሌ እጠራቸዋለሁ። ጃይ ሉዊስ፣ ዊል ቶማስ፣ ላማር በትለር፣ ቶኒ ስኪን፣ ፎላሪን ካምቤል። ሁሉም የሜሪላንድ ልጆች ናቸው። ካምቤል የሲልቨር ስፕሪንግ፣ ስኪን የታኮማ ፓርክ። እነዚህን ሰፈሮች የማያውቅ ሐበሻ የለም፤ እንጀራ የምንገዛበት፣ ዘመድ የምንጠይቅበት ሰፈር ነው። ስኪን ደግሞ ናይጄሪያ ነው የተወለደው። አሰልጣኙ ጂም ላራንያጋ ይባላሉ። እነዚህን ልጆች ስመ ጥር ኮሌጆች አልተሻሟቸውም። ላራንያጋ ከደጃቸው አጠገብ አገኟቸው፤ ለዓመታት አብረው አቆዩዋቸው።

ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ለልጆቹ የሚሏቸው ነገር ነበር፦ ከሌላው ቡድን ሁሉ የበለጠ የምትደሰቱት እናንተ ሁኑ። ይህን ለቱሉ ዲምቱ ልጆች ስነግራቸው መጀመሪያ አላመኑኝም። እኛ አገር አሰልጣኝ ሲባል የሚታያቸው የሚጮህና የሚቆጣ ሰው ነው።

በዚያ ዓመት ሜሰን በመደበኛው ውድድር የሊጉን አንደኝነት ከሌላ ቡድን ጋር ተጋራ። በየካቲት ወደ ዊቺታ ሄዶ ዊቺታ ስቴትን በሜዳው 70 ለ 67 አሸነፈ፤ ወሳኟን የሦስት ነጥብ ኳስ መጨረሻ ላይ ያስቆጠረው ስኪን ነበር። ከዚያ በሊጉ የጥሎ ማለፍ ግማሽ ፍጻሜ በሆፍስትራ ተሸነፉ። በዚያ ጨዋታ ስኪን አንዱን የሆፍስትራ ተጫዋች ከወገብ በታች መታው። ላራንያጋ ለቀጣዩ አንድ ጨዋታ አገዱት።

ቀጣዩ ጨዋታ ምን እንደሚሆን ማንም አላወቀም ነበር። በሊጋቸው የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ስላላነሱ፣ ወደ ብሔራዊው ውድድር የሚገቡት ኮሚቴ ከመረጣቸው ብቻ ነው። ኮሚቴው መረጣቸው። ከ65ቱ ቡድኖች አንዱ ሆኑ፤ በምድባቸው 11ኛ ደረጃ ተሰጣቸው። ቴሌቪዥን ላይ እነ ተንታኙ ቢሊ ፓከር ምርጫውን በይፋ ተቹት። እነዚህ ልጆች እዚያ ምን ይሠራሉ ዓይነት ነገር።

የመጀመሪያ ተጋጣሚያቸው ሚሺጋን ስቴት ነበር። ያለፈው ዓመት ግማሽ ፍጻሜ፣ ማለትም ፋይናል ፎር፣ የደረሰ ቡድን። በዩኒቨርሲቲው ታሪክ ትልቁ ጨዋታ ሊሆን ይችላል። አሰልጣኙ ግን ቃላቸውን አላጠፉም። ስኪን ተቀመጠ። ያለ እሱ 75 ለ 65 አሸነፉ።

የሰፈሬን ልጆች እንደዚህ ያከራከራቸው ክፍል የለም። ግማሾቹ አሰልጣኙ ተሳስተዋል ይላሉ፤ ቢሸነፉስ ኖሮ? አንዲት ልጅ አለች፤ ከወንዶቹ ጋር እኩል ትጫወታለች፤ ኳስ አመቻቿም እሷ ናት። "እሱን አስገብተው ቢያሸንፉ ሌሎቹ በማግስቱ ይሰሟቸዋል?" አለች። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ቡድኑ በዚያ ወር ያሳየውን አንድነት ሳስብ፣ ሥሩ እዚህ ውሳኔ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ስኪን አላኮረፈም። በሚቀጥለው ጨዋታ ተመልሶ ገባ።

ያ ጨዋታ ከኖርዝ ካሮላይና ጋር ነበር። የ2005 ሻምፒዮን። ገና ከጅምሩ 16 ለ 2 ተመሩ። ቴሌቪዥን ልዘጋ ነበር፤ የአክስቴ ልጅ ከለከለችኝ። 65 ለ 60 አሸነፉ። ከዚያ ዋሽንግተን ላይ ዊቺታ ስቴትን 63 ለ 55 ደገሟቸው።

አሁን ወደ እሁዱ ልምጣ። መጋቢት 17 ቀን 1998፤ በፈረንጆቹ ማርች 26። ሁዳዴ ነበር። እኔ ያኔ ዋሽንግተን መሀል፣ ቬራይዘን ሴንተር ይባል ከነበረው አዳራሽ የማይርቅ የመኪና ጋራዥ ውስጥ ነበር የምሠራው። እንደሚታወቀው የዚያ ከተማ ፓርኪንግ የእኛ ሰዎች ሥራ ነው። የአራቱን ምርጥ ቡድኖች ትኬት የሚቆርጠው ጨዋታ በዚያ አዳራሽ ነበር። ሜሰን ከኮኔቲከት። ከግቢያቸው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ጀምሮ አረንጓዴና ወርቃማ የለበሰ ሰው ጋራዡን ሞላው። ያንን ቀለም አይቶ ልቡ የማይደነግጥ ሐበሻ የለም፤ ቀዩ ብቻ ነው የቀረው።

ኮኔቲከት ማለት በዚያ ዓመት የግዙፎች ስብስብ ነው። በሰኔ ላይ ከዚያ ቡድን አራት ልጆች በኤን.ቢ.ኤ. ድራፍት፣ ማለትም የአሜሪካ ትልቁ የፕሮፌሽናል ሊግ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት፣ የመጀመሪያ ዙር ተመረጡ። ሩዲ ጌይ፣ ሂልተን አርምስትሮንግ፣ ማርከስ ዊሊያምስ፣ ጆሽ ቡን። ጌይ እንደ ዊል ቶማስ የባልቲሞር ልጅ ነው፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተጋጥመው ይተዋወቃሉ። አንዱን አገር ሁሉ ፈለገው። ሌላው ሜሰን ገባ።

አብሮኝ የሚሠራው የጎንደር ልጅ ሬዲዮ ነበረው። ቁልፍ የምንሰቅልባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆነን አዳመጥን። እረፍት ላይ ሜሰን 43 ለ 34 እየተመራ ነበር። የያዝነውን የጾም ምሳ ሳንከፍተው ቀረን። በሁለተኛው አጋማሽ ቀስ እያሉ መጡ። ሉዊስና ቶማስ ከእነሱ የሚረዝሙትን ከቅርጫቱ ሥር እያዞሩ ያገቡ ነበር። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ሜሰን በሁለት ነጥብ ይመራ ነበር። ደንሃም ብራውን የመጨረሻዋ ሰከንድ ላይ ቀለበቱን አልፎ በተቃራኒው ጎን አገባ። 74 ለ 74። የጎንደሩ ልጅ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ብዙ ትንሽ ቡድን እዚያ ላይ ይሰበራል። እነሱ ግን ተጨማሪውን ሰዓት ገና እንደጀመሩ ሰዎች ተጫወቱት። 86 ለ 84 መሩ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ነጻ ውርወራ ሳቱ፤ ኳሱ ለኮኔቲከት ደረሰ። ብራውን ለሦስት ነጥብ ወረወረ። ብትገባ አለቀ። አልገባችም።

እኔና የጎንደሩ ልጅ ተቃቅፈን ጮኽን። ጋራዡ አስተጋባ።

ይበልጥ የማልረሳው ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ሰዎቹ መኪናቸውን ሊወስዱ ሲመጡ የሚያለቅሱ ነበሩ። ሽማግሌዎች፣ ሱፍ የለበሱ፣ ቤተሰብ ይዘው የመጡ። በአዘቦት ቀን ቲኬት ዘርግተው፣ ቁልፍ ተቀብለው፣ ፊታችንን ሳያዩ የሚሄዱ ዓይነት ሰዎች ናቸው። ያን ቀን ቁልፍ ስናቀብላቸው አቀፉን። አንዱ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዞ ጨዋታውን ከመጀመሪያው አንስቶ ተረከልኝ፤ በሬዲዮ መስማቴን ብነግረውም አላቆመም። ከኋላው የተሰለፈ ማንም አልተቆጣም። እዚያ አገር ከገባሁ ጀምሮ የእነሱ ደስታ የእነሱ፣ የእኔ ደግሞ የእኔ ነበር። የእኔ በዓል ሲሆን ሥራ ላይ ነኝ፤ የእነሱ በዓል ሲሆንም ሥራ ላይ ነኝ። ያን ዕለት ግን ሥራ ላይ ሆኜ፣ ዩኒፎርም ለብሼ፣ የሰፈሩ ሰው ሆንኩ። ስደት የቀመሰ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

በ11ኛ ደረጃ ገብቶ ፋይናል ፎር የደረሰ ከዚያ በፊት አንድ ቡድን ብቻ ነበር፤ በ1986 ሉዊዚያና ስቴት።

ኢንዲያናፖሊስ ላይ በፍሎሪዳ 73 ለ 58 ተሸነፉ። ቅዳሜ ነበር። አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ተሰብስበን፣ የጾም በያይነቱ ቀርቦልን አየነው። ሊ ሃምፍሪ የሚባል ልጅ ከሩቅ እየወረወረ ጎዳን። ፍሎሪዳ ዋንጫውን ወሰደ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ደገመው። ስለዚህ ሽንፈቱ አያሳፍርም። ምግብ ቤቱ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ቆመን አጨበጨብን።

ልጆቹ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ "ከዚያስ?" ብለው ነው። አልዋሻቸውም። ከአምስቱ አንዳቸውም በኤን.ቢ.ኤ. አንድ ጨዋታ አልተጫወቱም። ቶማስ በአውሮፓ ለረጅም ዓመታት በሙያው ኖረ። ስኪን በ2012 ለንደን ኦሊምፒክ ለናይጄሪያ ተሰለፈ። በ2023 ደግሞ የሜሰን ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ተመለሰ፤ በ2025 ቡድኑን በአሁኑ ሊጉ አናት ላይ በጋራ አስቀመጠው። ያ ከወገብ በታች የመታ ልጅ ዛሬ ሌሎችን ይቀርጻል። ላራንያጋ በ2011 ወደ ማያሚ ሄደው፣ በ2023 ያንንም ቡድን ፋይናል ፎር አደረሱት። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ያን ወር በነጻ ያገኘው የመገናኛ ብዙኃን ሽፋን 677 ሚሊዮን ዶላር እንደሚገመት አንድ የዩኒቨርሲቲው መምህር አጥንቶ ነበር።

የኮኔቲከቱ ጨዋታ ቪዲዮ ስልኬ ላይ አለ። ብዙ ጊዜ ተሰብስበን አይተነዋል። ኳስ አመቻቿ ልጅ ነጥቡን አታይም፤ ኳስ የሌለው ሰው የት እንደሚቆም ነው የምታየው። "ጋሼ፣ ወደኋላ መልሰው" ትለኛለች። በማግስቱ ሜዳ ላይ ያንኑ ታሠራቸዋለች። ረጅሙ ልጅ አሁን ጀርባውን ሰጥቶ ከቅርጫት ሥር መዞር እየለመደ ነው። ስለ ትንሿ ስታዲየም አሁንም ያነሳል፤ ታክሲውም ያው ነው። አሁን ግን ከአቃቂና ከገላን ልጆች ጋር እየተደዋወሉ ነው። መሀል ከተማ ድረስ ከመሄድ እዚሁ ዳሩ ላይ እርስ በርስ እንገናኝ ብለዋል። ሐሳቡ የራሳቸው ነው። እኔ ሰዓት እይዛለሁ።

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ወገኖች፣ ለበዓል ስትመጡ ሻንጣችሁ ውስጥ ቦታ ከተረፈ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ኳስ አየሩ ሲወጣ ቦታ አይፈጅም። ለወንዶቹ ቁጥር 7፣ ለሴቶቹ ቁጥር 6። ሲሚንቶ ላይ ስለሚጫወቱ ለውጭ ሜዳ የተሠራው ይሁን፤ የቆዳው ቶሎ ይላጣል። የመንፊያ መርፌም አትርሱ፣ እዚህ ሰፈር እሱን ማግኘት ከኳሱ ይብሳል። መረብ ካገኛችሁ ደግሞ ሁለት ላኩልን። ሁለተኛውን ቀለበት በያዝነው ወር እናስበይዳለን።