ሳላስበው ገንዘብ ያዥ ሆንኩ

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ኮሌጅ ስማር የእግር ኳስ ክለባችን ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ሌላ ሰው እጁን ስላላወጣ ነው።

ዘመዶቼ «ኮሌጅ ኳስ እጫወታለሁ» ስላቸው በነፃ የምማር ይመስላቸው ነበር። እሱ እንደ ኤንሲኤኤ ባሉ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበራት ስር ለሚወዳደሩት ነው፣ ለዚያውም ለሁሉም አይደለም። ክለብ ሌላ ነው። ተማሪው ራሱ ያስተዳድራል፣ ራሱ ያዋጣል። እኛ አሰልጣኝ እንኳ አልነበረንም።

የተማሪዎች ምክር ቤት ትንሽ ይደጉመናል። ግን መጀመሪያ ከኪስህ ትከፍላለህ፣ ደረሰኝ ታስገባለህ፣ ከዚያ ትጠብቃለህ። ለመጀመሪያው የውጪ ጨዋታ የሆቴሉን 640 ዶላር በራሴ ካርድ ከፈልኩ። ደረሰኙ «ዝርዝር የለውም» ተብሎ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ብሩ የገባልኝ ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ እናቴ ቤት ሽሮ ስበላ ከረምኩ። ከዚያ ወዲህ ሆቴል ስይዝ ከክፍሉ በፊት የምጠይቀው የደረሰኙን ዓይነት ነው።

መዋጮው ደግሞ ባሰ። 180 ዶላር በአንዴ ክፈሉ ብል ከ22 ልጅ 9 ብቻ ከፈሉ። ዳኛ ዱቤ አያውቅም። አጥቂያችን ሳይከፍል እየተጫወተ፣ ሌላው ለምን ይክፈል?

መላው የተገኘው ከእናቴ ዕቁብ ነው። እሷ ዋስ ላላመጣ ሰው ዕጣ ቢደርሰውም ብር አትሰጥም። እኔም መዋጮውን በሳምንት 15 ዶላር አደረግኩትና እያንዳንዱ ልጅ ዋስ ጠራ። ያልከፈለ አይሰለፍም፣ ዋሱም አብሮት ይቀመጣል። ፈረንጆቹ ቃሉን ወደዱት፤ ልምምድ ላይ «ዋስ! ዋስ!» እያሉ ይሳሳቁ ነበር። አጥቂውን ከነዋሱ አስቀመጥንና 2 ለ 0 ተሸነፍን። ሰኞ ጠዋት ሙሉውን ከፈለ።

ስፖንሰር ልመናን የተማርኩት ከአባቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ለሚጫወት ቡድን ሲለምን እያየሁ ነው ያደግኩት። አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጥሬ ብር የለኝም አለ፤ ከአንድ ማታ ሽያጭ ግን 312 ዶላር አካፈለን። በደስታ ስሙን ማሊያ ላይ አሳተምኩ። ለካ መጀመሪያ የኮሌጁ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። አንድ ወር ሙሉ በአሮጌ ማሊያ ተጫወትን።

ሂሳቡን ሳስረክብ 94 ዶላር ነበረው። ተረካቢው ልጅ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረገና «ያንተ ዋስ ማን ነበር?» አለኝ። እናቴ ናት አልኩት።