አጎቴና የሳር ሜዳ አውሮፕላኖች

አጎቴ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሱሳቸው ዩቲዩብ ሆኗል። የትናንሽ አውሮፕላን ሜካኒክ ስለነበሩ ሌላ ቪዲዮ አይጥማቸውም። በቀደም ጣና ዳር ቡና ይዘን አንድ ሴስና የሚባል ትንሽ አውሮፕላን አሳዩኝ። አሜሪካ፣ አይዳሆ ተራሮች መሀል ያለ ሳር ሜዳ ላይ ሲያርፍ ነው። መሬት የነካው ሜዳውን ካጋመሰ በኋላ ነው። ነጠረ፣ ደግሞ ነጠረ። መጨረሻ ላይ የፊት ጎማው ጉድጓድ ገባና በአፍንጫው ተደፋ። ፓይለቱ በሩን ከፍቶ ወጣ፣ ተመስገን።

«ፍሬኑ እምቢ ብሎት ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ፍሬን ምን አደረገህ! ገና ሰማይ ላይ እያለ ነው የተበላሸበት።»

ነገሩ ፍጥነት ነው። ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስስ ነው። የፍጥነት መለኪያው ላይ 60 ኖት (በሰዓት 111 ኪሎ ሜትር ገደማ) እያነበብክ በሞቃት ቀትር ጣና ዳር ብታርፍ፣ እውነተኛው ፍጥነትህ 69 ገደማ ይሆናል። ትንሽ ይመስላል። ግን ፍሬኑ ማብረድ ያለበት ጉልበት በሲሶ ያህል ይጨምራል። ጆንሰን ክሪክ የሚባለው የአይዳሆ ዝነኛ ሳር ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር አካባቢ ነው። እኛ ቡና የምንጠጣበት 1,800 ነው። ለካ ተራራ ላይ ያለነው እኛ ነን! የባሕር ዳር አስፋልት ረጅም ስለሆነ ችግር የለውም። አጭር ሜዳ ላይ፣ ያውም ሳሩ ዝናብ ጠጥቶ ከሆነ፣ ጎማው ይንሸራተታል እንጂ አይቆምም።

ነፋሱም አለ። ከኋላ የሚገፋ ነፋስ እዚያው ፍጥነት ላይ ይደመራል። የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳይ የነፋስ ከረጢት ያልተሰቀለበት ሜዳ ላይ ፓይለቱ ጭስ ያያል፣ ውሃ ካለም ውሃውን ያያል፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለው ዳርቻ ጸጥ ይላል። ይሄን የጣና ጀልበኛም ያውቀዋል።

ሽቅብ የተዳፋ ሜዳ ደግሞ ዓይን ያታልላል። ፓይለቱ ከፍ ያለ ይመስለውና ዝቅ ብሎ ይመጣል፤ ከሜዳው በፊት ቁጥቋጦ ያገኘዋል። ከብት ሲኖርማ አንዴ ዝቅ ብሎ አልፎ ማባረር ነው፣ እረኛውም ይሰድባል።

አጎቴን የሚያናድዳቸው ግን እልህ ነው። «አልሆነም ካልክ ነዳጅ ሰጥተህ ተነሳ! ማን ያየኛል ብለህ ነው?» ይላሉ። ፊት ለፊቱ ተራራ የሆነ ሜዳ ላይ ይህ ውሳኔ ቀድሞ ያልቃል። ከአንድ ነጥብ በኋላ መመለሻ የለም።

እኛ ከተማ አደጋ ሲባል ሰው የሚያስታውሰው የመስከረም 1981ን ነው። እሱ ትልቅ ቦይንግ 737 ነበር። ሲነሳ የእርግብ መንጋ ሁለቱንም ሞተሮች መታ፤ ከ104 ሰው 35ቱ አለቁ። የሳር ሜዳው አደጋ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይደለም። ሰው ይተርፋል፣ ጣጣው ብረቱ ላይ ይቀራል።

ጣጣውስ! ሞተሩ እየዞረ ፕሮፔለሩ መሬት ከነካ፣ ሞተሩ ደህና ቢመስልም ተፈቶ መታየት አለበት። ክራንክሻፍቱ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ተሰንጥቆ እንደሆነ ከውጭ አይታይም። ባለቤቱ ግን «ፕሮፔለሩን ብቻ ቀይሩልኝ፣ ልብረርበት» ይላል። አጎቴ እምቢ ብለው ደንበኛ አኩርፏቸው ያውቃል። ክንፉን ፈትተው በአይሱዙ ያስጫኑበትም ጊዜ ነበር። መንገዱ፣ እንደሳቸው አባባል፣ አውሮፕላኑን ከአደጋው በላይ ጎድቶታል።