አለቃው ማን ነበር? የአርበኛ አያትን የጦር ሜዳ ታሪክ ስለማጠናቀር

የአርበኛን ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ስጠይቅ የምጀምረው «መቼ ዘመተ?» ብዬ አይደለም፤ «አለቃው ማን ነበር?» ብዬ ነው። ዓመት ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ቶሎ ይጠፋል። የአለቃ ስም ግን ይቆያል፤ ተዋጊው በአገሩ የሚታወቀው «የእገሌ ሰው» ተብሎ ነበርና። አለቃው በላይ ዘለቀ ከሆነ ምሥራቅ ጎጃም፣ መንገሻ ጀምበሬ ከሆነ ምዕራብ ጎጃም፣ አበበ አረጋይ ከሆነ ሸዋ፣ ገረሱ ዱኪ ከሆነ ደቡብ ምዕራብ ሸዋና ወደ ጅማ ያለው አገር ላይ እፈልጋለሁ። ቦታው ከታወቀ ዘመኑን ማግኘት አይከብድም።

በ1933 ዓ.ም. 18 ዓመት የነበረው ሰው ዛሬ ከመቶ ዓመት በላይ ነው። ስለዚህ ሥራው በአብዛኛው የሰሙትን መጠየቅ ነው፤ ያዩትን የማግኘት ዕድል አልፏል ማለት ይቻላል። የሰማ ሰው ደግሞ ጀብዱውን እንጂ መንገዱን አያስታውስም። «ታንክ ማረከ» ይላል፤ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል እንደሄደ ግን አይናገርም። እኔ የምፈልገው መንገዱን ነው፤ ከሌላ ሰነድ ጋር የሚገናኘው እሱ ነውና።

የምሠራበት ሠንጠረዥ አራት ዓምድ ብቻ አለው፦ ቦታ፣ አለቃ፣ የጊዜ ምልክት፣ ማን ነገረኝ። ያልታወቀውን ባዶ እተወዋለሁ። «ሳይሆን አይቀርም» ብሎ የተሞላ ሳጥን ከስድስት ወር በኋላ እንደ እውነት ሲነበብ ይገኛል።

ሦስተኛው ዓምድ ላይ ዓመተ ምሕረት አልጽፍም፤ የተነገረኝን እንዳለ እጽፋለሁ፦ ሁዳዴ ነበር፣ ጤፍ እየታጨደ፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ከሰማይ ወረቀት ሲወርድ። እነዚህ ከቀን ቁጥር የበለጠ ይታመናሉ። የ1933 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ስለዋለ ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 17 ነው። የጎጃም ዋና ዋና ውጊያዎች በጾሙ ውስጥ ናቸው፦ ከኬንያ ስደተኞች የተመለመለው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ከቡሬ ከሚያፈገፍገው የጣሊያን ጦር ጋር ቻራቃ ወንዝ ላይ የተጋጠመው የካቲት 27 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ድንበር የተሻገሩት ጥር 12 ቀን 1933፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት ሲሆን፣ አዲስ አበባ የገቡት ከፋሲካ 15 ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ነው። ስለዚህ «አባባ ደብረ ማርቆስ ሲገባ ጾም ነበር፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ግን በሬ ታርዶ በላ» የሚል ቃል ቀላል ወሬ አይደለም፤ ከቀን መቁጠሪያው ጋር ይገጥማል። «የመድኃኔዓለም ዕለት» ብቻ ከተባለ ግን በየወሩ 27 አለና ወሩን በሰብሉ ማጣራት ያስፈልጋል።

ቀን ሲቀየር ሁለት ወጥመድ አለ። አንዱ የጳጉሜ 6 ነው። ጳጉሜ 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት፣ ለምሳሌ በ1928 እና በ1932፣ ከመስከረም እስከ የካቲት 21 ድረስ ከፈረንጅ ቀን ጋር ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ይጨምራል። ሁለተኛው የጣሊያን ወረቀት ነው። ከፈረንጁ ዓመት አጠገብ በሮማውያን ቁጥር የሚጻፈው የፋሺስት ዘመን ሲሆን፣ የሚለወጠው በፈረንጅ ኦክቶበር መጨረሻ ነው። ቁጥሩ ላይ 1922 ሲደመር ዓመቱ የሚያልቅበትን የፈረንጅ ዓመት ይሰጣል። 19 ያለው ከኦክቶበር 1940 እስከ ኦክቶበር 1941 ነው ማለት ነው።

እንግሊዝ በየት በኩል ገባ የሚለውንም ሁልጊዜ እጠይቃለሁ። «በግመል መጣ» ከተባለ ወሬው የጎጃም ነው፤ የእንግሊዙ መኮንን የዊንጌት ጦር፣ «ጌዴዎን ጦር» የሚባለው፣ ከሱዳን ስንቁን የጫነው በግመል ነበር፤ 15 ሺህ ያህል ግመል ተሰማርቶ አብዛኛው በመንገድ አልቋል። «በመኪና ተግተልትሎ መጣ» ከሆነ በሞቃዲሾ፣ በጅጅጋና በሐረር በኩል የመጣው የጄኔራል ከኒንግሃም ጦር ነው፤ እሱም አዲስ አበባ የደረሰው መጋቢት 28 ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ታሪክ ውስጥ ከተቀላቀሉ ብዙ ጊዜ የሁለት ዘመዳሞች ታሪክ አንድ ላይ ተሰፍቷል፤ ወንድማማቾቹን ለይቶ መጠየቅ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የጎራ ጉዳይ ነው። አንድ ሰው በአምስቱ ዓመት ውስጥ ለጣሊያን ታጥቆ፣ ከድቶ ዱር ገብቶ፣ በመጨረሻ ከንጉሡ ጋር አዲስ አበባ ሊገባ ይችላል። «ባንዳ ነበር?» ብሎ የጠየቀ የቤቱን በር ራሱ ይዘጋል። እኔ የምጠይቀው «ጠመንጃውን ከየት አገኘው?» ብዬ ነው። ከቤት ይዞት ወጣ፣ ማረከው፣ ወይም «ከጣሊያን ይዞ ከዳ»፤ ሦስተኛውን ቤተሰብ የሚናገረው በኩራት ነው፣ ቀሪውም ከዚያ ይቀጥላል። ማዕረግም ይናገራል። ሙንታዝ፣ ቡልቅባሽ፣ ሹምባሽ የጣሊያን ቅኝ ጦር ማዕረጎች ናቸው። አያት በሰፈር «ሹምባሽ እገሌ» ሲባሉ የኖሩ ከሆነ አስካሪ ነበሩ፤ ፍለጋው ወደ ኤርትራ ሻለቆች ይዞራል። እነዚያ ሻለቆች በቁጥር የሚጠሩ፣ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው የመቀነት ቀለም ያላቸው ነበሩ፤ ቀለሙን የሚያስታውስ ልጅ ከተገኘ ትልቅ ፍንጭ ነው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ግን እዚህ ላይ አይረዳም።

ቤት ውስጥ ካሉ ዕቃዎች መጀመሪያ የማየው ሜዳሊያውን ነው። የአርበኝነት ሜዳይ ጥብጣብ ላይ ያሉት ዘንባባዎች የአገልግሎት ዓመት ስለሚያመለክቱ «ባለ አምስት ዘንባባ» ሙሉውን ዘመን ዱር የቆየ ነው። የስደተኛ ሜዳይ ደግሞ ሌላ መንገድ ያሳያል፦ ሱዳን፣ ኬንያ፣ ጅቡቲ፣ ኢየሩሳሌም። ሲቸግር ሜዳሊያ ይሸጣል፣ ከገበያም ይገዛል፤ ስለዚህ ብቻውን ማስረጃ አላደርገውም። ፎቶ ሳነሣ ፊቱንም ጀርባውንም፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርጌ፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ በመስኮት አጠገብ ነው። በሎሚና በአመድ መፈተግ ጽሑፉን ስለሚበላው እንዳይፈትጉት አስቀድሜ እለምናለሁ። ከሜዳሊያው የሚበልጠው የመሬት ወረቀት ነው። ከድል በኋላ ለአርበኞችና ለስደተኞች አንድ ጋሻ፣ ማለትም 40 ሄክታር ያህል፣ መሬት ይሰጥ ስለነበር ወረቀቱ ላይ ስም፣ ማዕረግና ወረዳ ይገኛል። ሰዎች «እሱ እኮ የመሬት ነው» ብለው ሳያሳዩ ይቀራሉ፤ «የመሬት ወረቀት አለ?» ብሎ ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስም ራሱ ራስ ምታት ነው። የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም ስለሌለን አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች በአንድ ወረዳ ይገኛሉ። የፈረስ ስም ይለያቸዋል፦ አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ፣ አባ ገስጥ አበበ አረጋይ፣ አባ ቦራ ገረሱ ዱኪ ናቸው። ለተራው ተዋጊ ደግሞ የአያት ስምና የደብሩ ስም ይጨመር። በላቲን ፊደል ሲፈለግ የጣሊያንና የእንግሊዝ አጻጻፍ ለየብቻ ይሞከር፤ በ«ወልደ» የሚጀምር ስም እንግሊዝ ዘንድ በደብልዩ፣ ጣሊያን ዘንድ በዩ ይጀምራል። «ገብረ» ጣሊያን ዘንድ ከጂ ቀጥሎ ኤች ይገባዋል።

መዛግብት ላይ ብዙ ተስፋ አይጣል። ለንደን ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ ደብልዩ ኦ 169 በሚለው ክፍል የመካከለኛው ምሥራቅ የእንግሊዝ ጦር የዕለት መዝገቦች በየጦር ክፍሉ ተቀምጠዋል። እዚያ የሚገኘው ሻለቃው የት እንዳደረ ነው፤ የአያት ስም አይደለም። ሠንጠረዡ ላይ መንገድ ካለ ግን ቀኑ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። በዚያ ላይ እንግሊዝ ወደዚህ ጦርነት የገባው ጣሊያን ሰኔ 3 ቀን 1932 ጦርነት ካወጀ በኋላ ስለሆነ ከዚያ በፊት የነበረው የዱር ዘመን በዚያ መዝገብ ውስጥ አይፈለግም። ለሱ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይሻላል። ከ1933 ጀምሮ ያለውን አዲስ ዘመን ጋዜጣ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሄዶ ማገላበጥም ዋጋ አለው።

ቀረጻውን በስልክ ነው የምሠራው፤ ስልኩ በአውሮፕላን ሁነታ ላይ ሆኖ፣ ከተናጋሪው ሁለት ስንዝር ርቆ፣ ከሥሩ ጨርቅ ተነጥፎለት። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዝናብ ከመጣ ማቆም ነው፤ ያ ድምፅ በኋላ አይጸዳም። አዛውንት ከአንድ ሰዓት በላይ ማስቀመጥ አይገባም፤ ድካም ሲመጣ መልሱ ሁሉ «አዎ» ይሆናል። ፉከራ ከጀመሩ ግን አላቋርጥም። ፉከራ የቦታና የፈረስ ስም ይይዛል፤ ሆኖም አንዱ ስንኝ ከጀግና ወደ ጀግና ስለሚዘዋወር ለብቻው አይታመንም። የቦታ ስም ያለበትን ስንኝ ብቻ ወደ ሠንጠረዡ አስገባለሁ።

ሁለት ልጆች የሚቃረን ነገር ከነገሩኝ ሁለቱንም በየስማቸው እጽፋለሁ እንጂ አላስታርቅም። ሲጠናቀቅ አንዱን ኅትመት ለቤተሰቡ አደርሳለሁ፤ ሲነበብላቸው «ይኼማ ስህተት ነው» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም፣ እሱም አራተኛው ዓምድ ላይ ይገባል።