በሳንባ ንቅለ ተከላ፦ ክላምፑ ሲታሰርና ሲፈታ

ስለ ሳንባ ንቅለ ተከላ ሰመመን ሲነሳ ብዙ የሚወራው ሁለቱን ሳንባዎች ለየብቻ ለማስተንፈስ ስለሚገባው ባለ ሁለት ቀዳዳ ቱቦ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ ወደ ግራው ሳንባ ቧንቧ የሚገባው ይመረጣል፤ ቦታውን በብሮንኮስኮፕ (የአየር ቧንቧን ውስጥ በሚያሳይ ቀጭን ካሜራ) ማየት፣ በሽተኛው ከተንቀሳቀሰ በኋላም ደግሞ ማየት ግድ ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ግን ደም ከልብ ወደሚወጣው ሳንባ የሚወስደው ሥር፣ ፐልሞናሪ አርተሪው፣ በክላምፕ (በመቆንጠጫ) የሚታሰርበት ደቂቃ ነው። ደሙ ሁሉ በአንድ ሳንባ ብቻ ማለፍ ስላለበት ደሙን ወደ ሳንባ የሚገፋው የልብ ክፍል፣ የቀኙ ቬንትሪክል፣ ይለጠጣል፣ ይደክማል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ መጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃ ለሙከራ ይሰር፤ እኛ የሰመመን ባለሙያዎቹ በጉሮሮ በገባው ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ልቡን እንይ። የደም ግፊት ሲወርድ ፈሳሽ ማንቆርቆር የተለጠጠውን ልብ ይብስ ያዳክማል። የሚሻለው የደም ግፊት የሚያነሳው ኖርአድሬናሊንና የሳንባን የደም ሥሮች የሚያሰፋው፣ በትንፋሽ የሚሰጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው፤ በተለምዶ 20 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 20 እጅ)። ይህ ካልሠራ ኤክሞ (የልብንና የሳንባን ሥራ የሚያግዝ ማሽን) ሳይረፍድ ይግባ።

አዲሱ ሳንባ ከተሰፋ በኋላ ክላምፑ ሲፈታ ቀስ ተብሎ ነው፤ 10 ደቂቃ ገደማ ይውሰድ። የለጋሹ ሳንባ የቆየበት የማቆያ ፈሳሽ ታጥቦ ወደ ደም ሲገባ ግፊት ድንገት ሊወርድ ስለሚችል ግፊት የሚያነሳው መድኃኒት በሲሪንጅ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። ኦክስጅኑን የሚበቃውን ያህል ብቻ እንስጥ፤ ሲበዛ አዲሱን ሳንባ ይጎዳል። የእያንዳንዱ ትንፋሽ መጠን በኪሎ 6 ሚሊ ሊትር ገደማ ሆኖ፣ ኪሎው ከለጋሹ ቁመትና ጾታ ይሰላ፤ የሚነፋው ሳንባ የለጋሹ ነውና። በቱቦው ሮዝ አረፋ ከመጣ ሳንባው ውሃ እየቋጠረ ነው፤ ፒፑ (በትንፋሽ መጨረሻ ሳንባ ውስጥ የሚቀረው ግፊት) ከፍ ይበል፣ ፈሳሹም ይቀነስ።