«ተርን ዳውን» ያስቀነሰን 5 ሳንቲም

ጅማ ሂርማታ አካባቢ፣ አንድ ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ በተቀጠርኩ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ዋናው ሥራዬ የውጭ ገዢዎችን ኢሜይል አንብቤ ለሐጂ በአማርኛ መንገር ነበር። ሐጂ ባለቤቱ ናቸው። ቡናን አሽትተው ይለያሉ፤ እንግሊዝኛውን ግን ለእኔ ትተውታል። እኔም በእንግሊዝኛዬ ጉራ ቢጤ ነበረችኝ።

አንድ ዝናባማ ጠዋት ከገዢያችን ሁለት መስመር ኢሜይል መጣ። ናሙናው «ሃዝ ኖት ተርንድ አፕ»፣ ስለዚህ ያቀረባችሁትን ዋጋ «ተርን ዳውን» ለማድረግ እንገደዳለን ይላል።

ተርን አፕና ተርን ዳውን? እሱማ ቀላል ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የቴፕ ድምፅ ስጨምርና ስቀንስ የማውቃቸው ናቸው። የናሙናው ደረጃ ከፍ አላለም፤ ስለዚህ ዋጋው ዝቅ ይበል። እንዴት እንደሚገጥም አያችሁ? ጉድ የሠራኝ ይኸው መግጠሙ ነው።

«ሐጂ፣ ቀንሱ ነው የሚሉት።»

«ናሙናው ምን ሆነና?»

«አልወደዱትም መሰለኝ።»

ሐጂ ዝም አሉ። ከዚያ ካልኩሌተሩን ሳቡ። 320 ጆንያ፣ በ60 ኪሎ፣ 19,200 ኪሎ። ከውጭ ገዢ ጋር የምንነጋገረው በፓውንድ ነው፣ ገንዘቡ ሳይሆን ክብደቱ፣ ግማሽ ኪሎ የማይሞላው፤ ወደ 42,300 ፓውንድ ይመጣል። ከእያንዳንዱ ላይ 5 የአሜሪካ ሳንቲም ሲነሳ ከ2,100 ዶላር በላይ። ቁጥሩን ደግመው መቱት። ያው ነው። «በቃ ጻፍላቸው» አሉኝ። ጻፍኩ።

መልሱ በማግስቱ መጣ። ለቅናሹ ከልብ ያመሰግናሉ። ናሙናው ግን እስካሁን አልደረሰንም፣ መቼ ነው የላካችሁት?

ናሙናው አዲስ አበባ ቢሮ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጧል። በአውቶቡስ የላክሁት እኔው ነኝ። አድራሻውን የጻፍኩበት ወረቀት እንደተለጠፈ ነው፤ ወደ ውጭ የላከው ሰው ግን የለም።

የሂሳብ ሠራተኛችን ድሮ እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። የመጀመሪያውን ኢሜይል አንብበው ሳቁ።

«እስቲ ‹ብቅ አለ›ን ለፈረንጅ ቃል በቃል ተርጉምለት» አሉኝ።

ሞከርኩ። «አለ» ማለት ተናገረ ነው። «ብቅ» ደግሞ... ተውኩት።

«አየህ፣ ብቅ አለ፣ ጋደም አለ፣ እምቢ አለ። ‹አለ› ያው አንድ ነው፤ ነገሩን የምትለውጠው ከፊቱ ያለችው ቃል ናት። የእነሱም ተርን እንደዚያው ነው፤ ትንሿን ቃል ከኋላ ያስከትላሉ እንጂ። ተርን አፕ ብቅ ማለት፣ ተርን ዳውን እምቢ ማለት፣ ተርን ኢን ጋደም ማለት።»

«የቴፑስ ታዲያ፣ ጋሼ?»

«እሱም ልክ ነው። ጎረቤቱን እይ።»

ተርን ዳውን የሚደረገው ቴፕ ወይም ምድጃ ከሆነ መቀነስ ነው። ግብዣ፣ የሥራ ማመልከቻ ወይም የዋጋ ሐሳብ ከሆነ ግን አልቀበልም ማለት ነው። ተርን አፕ ድምፅን ካስከተለ መጨመር ነው፤ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሰው ወይም ዕቃ ሆኖ ከኋላ ምንም ካልተከተለ ብቅ ማለት። ተርን ኢንም ሪፖርት ካስከተለ ማስረከብ ነው፤ ብቻውን ከቆመ ለመኝታ መሄድ። በእኛ ኢሜይል ውስጥ ናሙናው ከፊት ነበር፤ ከተርን አፕ በኋላ ነጥብ ብቻ። ዋጋ ቀንሱ ያለን ማንም የለም። ናሙናው ስላልመጣ አልተቀበልናችሁም ነው ያሉት።

ለሐጂ መንገሩ ይቅር። «አቦ፣ ምን ነካህ!» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ቅናሹን እንሰርዘው ስላቸው ግን አሻፈረኝ አሉ። አንዴ ከአፍ የወጣ ዋጋ ነው። ናሙናው በዚያው ሳምንት ተላከ፣ ውሉም ተፈረመ።

ቡናው ከደረሰ በኋላ ሌላ ኢሜይል መጣ። ቡናው «ተርንድ አውት ቬሪ ዌል» ይላል። ደግሞ ተርን! ቀጥታ ወደ ጋሼ ሮጥኩ። ተርን አውት ሆኖ መገኘት ነው፤ ቡናው ግሩም ሆኖ ተገኝቷል። ደስ ብሎኝ ወደ ሐጂ ቢሮ ገባሁ። ወረቀቱን እጄ ላይ ሲያዩ ካልኩሌተሩን ሳብ አደረጉ።

«እሺ፣ ዛሬስ ስንት ቀንሱ አሉ?»